ቃለ ጉባኤ፦ የኅዳር ንባብ

ቦታ፦ ሃረቮያ ደሴት፣ ሰሜን ኖርዌይ። ወሩ፦ ኅዳር።
የተገኙ፦ ሰባት ሰዎች። የቀረች፦ ፀሐይ፤ በዘጠኝ ሰዓት ገብታ ልታድር።

ይህ ቤት መጋዘን ነበር፣ የደረቀ ዓሣ፤
መደርደሪያ ሞላንበት፣ ሦስቴ ቀለም ቀባን፣ ጠረኑ አልተነሣ።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ብዕሬን በብብቴ አሙቄ፣
ማን ምን እንዳለ እጽፋለሁ፣ የራሴን ሐሳብ ደብቄ።

አጀንዳ አንድ፦ የወሩ ጭብጥ። ያለፈው «ድልድይ» ነበር፤
ከዚያ በፊት «ዳቦ»፤ ማንም ሳይጨርሰው የቀረው «ፍቅር»።

አይሊፍ መምህሩ ቀደመ፦ «ባሕር፤ ለደሴት ይስማማል ብዬ።»
ሄርቦርግ፣ ሹራብ እየሠራች፦ «ቀን በመስኮት ሳየው ውዬ፣
ማታ ደግሞ ልገልጠው ነው?»
(አርባ ዓመት በጀልባ ፖስታ አድላለች፤ ባሕሩ ጫማዋን ያውቀዋል።)

ቲሪል «ግድያ ይሁን» አለች፤ የክሊኒኩ ነርስ ናት፤
ቀን ሙሉ ሰው ስታድን ውላ፣ ማታ ሬሳ ነው የሚያምራት።
አስላክ እንደ ወትሮው «ድንች» አለ፤ እንደ ወትሮው ሳቅን፤
ለመጋቢት ይቆይ ብለን፣ ለሦስተኛ ዓመት አጸደቅን።

ኦድቫር ግን፣ የጀልባው መካኒክ፣ እጁ ዘይት የጠገበ፣
በሁለት ዓመት አንድ መጽሐፍ እንኳ፣ ጨርሶ ያላነበበ፣
ጉሮሮውን ጠረገና፦ «ጀምረን የተውነውን፣
ገጹን አጥፈን አልጋ ሥር፣ ወንበር ሥር ያኖርነውን።
የኔ ብዙ ነው» አለ። «የናንተም ይኖራል አንድ።
ያላለቀ ይሁን ጭብጡ። በዚህ እንኳ ሰው አይፈርድ።»

ዝም አልን። ከሄርቦርግ ጭን ላይ፣ የክር ኳሱ ተንከባለለ፤
ሊያነሣው ማንም አልጎነበሰ፤ ማንም አንዳች አላለ።

ጉንቮር ከዘንቢሏ አወጣች፣ ጠርዙ የተላጠ መጽሐፍ፤
ለካ በየወሩ ይዛው ትመጣ ነበር፣ ቃል ሳይወጣት ካፍ።
መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ የጀልባ ቲኬት ተሰክቷል፤
ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቀለሙ ሊጠፋ ተቃርቧል።

«ዮስታይን እዚህ ጋ ነው የቆመው» አለች።
«ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ ጠራሁት።
በላ። ካፖርቱን ለበሰ፣ የጀልባውን ገመድ ሊያይ ወጣ።
መብራቱን እኔ አጠፋሁት።»

አይሊፍ መጽሐፉን ያውቀዋል። አይሊፍ የማያውቀው መጽሐፍ የለም።
«መጨረሻው እኮ...» ሊል ሲል፣ ከጠረጴዛው ሥር የቲሪል ጫማ፣ ሕመም፣
አፉን ዘጋው።

ድምፅ ተሰጠ። አምስት እጅ ባንዴ ተነሣ። ስድስተኛው፣ የራሷ፣
ቆይቶ ወጣ በዝግታ፣ እንደ ረጠበ ጓንት ከኪሷ።

ውሳኔ፦ እስከ መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁላችን እናነባለን።
እዚያ ገጽ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ ቢቆረጥም፣ እንቆማለን።
ከዚያ ወዲያ ያለው የጉንቮር ነው።

«አልጨርሰው ይሆናል» አለች። «አትጨርሺው» አለ ኦድቫር፣
በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመጻሕፍት ጉዳይ መካር።
ስድስት ቅጂ ከዋናው መሬት፣ በሐሙስ ጀልባ ይምጣ፤
ጉንቮር የራሷ አላት። ሐሙስ፣ ማለት፣ ባሕሩ ካልተቆጣ።

ልዩ ልዩ፦ የምድጃ እንጨት አልቋል። ተረኛው አስላክ ነው።
(ድንች ይዤ እመጣለሁ አለ፤ አመድ ውስጥ ልንጠብሰው።)

ከቃለ ጉባኤው ውጭ፣ ለራሴ፦
ሁሉም ሲሄድ ወንበር ሰብስቤ፣ መብራት ላጠፋ ስል አየሁት፤
እጄ ማብሪያው ላይ ቆመ። ጥቂት ቆየሁና ተውኩት።
ሄርቦርግ ሹራቧን ይዛ ሄዳለች፤ ኳሱ ግን ጥግ ላይ ቀርቷል፤
ክሩ በበሩ ሥር ሾልኮ፣ በበረዶው ላይ፣ ወደ ጨለማው ወጥቷል።
ቤቷ ሩቅ ነው። እዚያ ስትደርስ ይገባት ይሆናል።

አልበጠስኩትም። ኳሱ እየተፈታ፣ ቀስ እያለ ይዞር ነበር፤
ተቀምጬ ጠበቅሁት፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ በሩ አጠገብ።